የንያማት የውሃ ተራ

ብርዱ በለቀቀ ሰሞን የተራራዋ መንደር የያርዝ ወንዶች እንደ ልማዳቸው የቦዩን አፍ ሊከፍቱ ወደ በረዶ ግግሩ ወጡ። ድሮ ይህ ቀን ከበዓል አያንስም ነበር። ከየቤቱ አንድ ወንድ ይወጣል፣ በቅቤ የራሰ ዳቦ ይያዛል፣ ጎረምሶቹ በረዶውን ማን ቀድሞ ይነካል እያሉ ይሽቀዳደማሉ። ዘንድሮ የወጡት ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም ሽበታም። ጎረምሶቹ ጊልጊት ወርደው ሹፌር፣ ካራቺ ዘልቀው ዘበኛ፣ ባሕር ተሻግረው ግንበኛ ሆነዋል።

ፊት ፊት የሚሄደው የውሃ ተራ የሚያከፋፍለው የመንደሩ የውሃ አባት ንያማት ነበር። ፊት መሄዱ ስለፈጠነ አይደለም፤ ሌሎቹ ላለመቅደም እያዘገሙለት ነው እንጂ። ቀኝ ጉልበቱ ከከዳው ቆይቷል። አካፋውን እንደ ምርኩዝ እየተደገፈ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዶ እየቆመ፣ መልከዓ ምድሩን የሚመለከት እየመሰለ ትንፋሹን ይሰበስባል።

«ንያማት» አለው ጉሎም ከኋላው። ጉሎም ጎረቤቱና አብሮ አደጉ ነው፤ ምላሱ ከዶማው ይልቅ የተሳለ። «በዚህ አካሄድ ስንደርስ አዝመራ ይሆናል። ያኔማ ውሃም አያስፈልገን፣ ተገላገልን።»

«ቅደማ። ማን ያዘህ?»

«ቀድሜ ክፉውን ነገር መጀመሪያ እኔ ልየው? አላደርገውም።»

ሰዎቹ ሳቁ። ሳቁ ግን አልረዘመም፤ አቀበቱም ትንፋሽ አይሰጥም፣ ጉሎም ያለውም ቀልድ ብቻ አልነበረም።

ቦዩ ከገደሉ ወገብ ላይ በእጅ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ንያማት ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር ሲመጣ የግግሩ ጀርባና የቦዩ አፍ እኩል ነበሩ። አባቱ ጥቂት ድንጋይ ያስተካክላል፣ ክፍተቱን በጓል ይደፍናል፣ ከዚያ በበረዶው ላይ የሚንኳለለውን ውሃ እንደ ጥጃ እየነዳ ወደ ቦዩ ያስገባዋል። ሥራው ይኸው ነበር፤ ምሳ ሳይደርስ ያልቅ ነበር። በኋላ ግግሩ ዝቅ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ የሰው ቁመት ያህል ወረደ፣ ቀጥሎ የቤት ቁመት ያህል። በወረደ ቁጥር ሰዎቹ ቦዩን ወደ ላይ እያስረዘሙ፣ ከፍ ብሎ የቀረውን በረዶ ተከትለው ሄዱ። እነሱ ሲከተሉ እሱ ሲሸሽ ዓመታት አለፉ። አምና ደግሞ የላስቲክ ቱቦ ተሸክመው መጥተው በገደሉ ላይ በሽቦ አንጠልጥለውት ነበር።

አሁን ቱቦው የለም። ናዳ ጠርጎት፣ ቁራጩ ብቻ ከሩቅ ካለ ድንጋይ ላይ ተጠምዝዞ ይታያል። ንያማት ጠርዙ ላይ ቆሞ ቁልቁል ተመለከተ። ግግሩ ከሥር፣ አቧራና ኮረት ለብሶ ተንጋሏል፤ የማያውቅ ሰው ቢያየው የድንጋይ ክምር እንጂ በረዶ አይለውም። ከሆዱ የሚወጣው ውሃ ድምፁ እስከዚህ ድረስ ይሰማል። ያ ውሃ ወንዝ ሆኖ በጠባቡ ገደል ውስጥ ለውስጥ፣ ከያርዝ ማሳዎች እጅግ በታች፣ ሰውም ቦይም በማይደርስበት ያልፋል። ውሃው ነበረ። የሚደረስበት ውሃ ነው የጠፋው።

ቢሆንም ሞከሩ። ከላይ በኩል ቦዩን ለማስቀጠል እየቆፈሩ ሳሉ መሬቱ ከሥራቸው ይንሸራተት ጀመር። አንድ የበግ ያህል ድንጋይ ተነቅሎ ከጉሎም ጆሮ ሥር ፉጨት እያሰማ አለፈ። ጉሎም ዶማውን አስቀምጦ ቁጭ አለ። 

«ይበቃል» አለ ንያማት። «ለውሃ ብለን ሰው አንቅበርም።»

ያመጡትን ዳቦ በሉ። ከዚያ ወረዱ። ከእንግዲህ ለያርዝ የቀረላት ከጎን ካለው ተራራ በየዓመቱ የሚጥለው በረዶ ቀልጦ የሚወርድባት ትንሿ ጅረት ብቻ ነች። እሷም ብትሆን ድሮ የፍየል ውሃ ትባል ነበር፤ ማንም እንደ ውሃ አይቆጥራትም።

የሚገርመው፣ ያርዝ ውሃ ጠግባ ያደረችበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ንያማት አግብቶ ልጆች መውለድ በጀመረበት ጊዜ የሙቀቱ ወራት ከዓመት ዓመት ይጠነክር፣ የግግሩም ውሃ ከዓመት ዓመት ይበዛ ነበር። አያቶች ተራ ሲጣሉበት የኖሩት ቦይ ጢም ብሎ ሞልቶ ይገነፍል ጀመር። ድልድይ የሚወስድበት ዓመት ነበር። ሰዉ ግን አላህ የሰጠውን ማን ይመልሳል አለ። በተለይ የንያማት ታላቅ ወንድም ሻምቢ። ሻምቢ ወፍራም ድምፅና የማያርፍ እጅ ያለው ሰው ነበር። «ውሃ ራሱ ደጃፋችን መጥቶ እያንኳኳ እኛ ተኝተን እንየው?» ብሎ መንደሩን አስነሳ። ከመንደሩ ርቆ፣ ከመኪናው መንገድ በላይ፣ ዳሽት የሚባል እሾህ እንኳ የማይወደው ሜዳ ነበር። ወደዚያ የሚወስድ ረጅም ቦይ ቆፈሩ። ቁፋሮው ብዙ ክንድ አድክሟል፤ አንድ ሰውም እግሩ ተሰብሮበታል። ውሃው ዳሽት የገባ ዕለት ግን ሴቶቹ ልብሳቸው እስኪረጥብ ውስጡ ቆመው ዘፈኑ።

በዚያው ዘመን አንዲት ውሃ የምትለካ ሴት ከከተማ መጥታ ነበር። በወንዙ ዳር ምልክት የተቀባ ዘንግ አቁማ ስትወጣ ስትወርድ ሰንብታ፣ መሄጃዋ ሲደርስ ሻምቢ ቤት እራት ተጋበዘች። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። ስለ ውሃው ሲጠይቋት ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«አሁን የምትጠጡት የላሚቱን ወተት አይደለም» አለች። «ላሚቱን ራሷን ነው። ለጥቂት ዓመታት ይበዛላችኋል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ከቀነሰ በኋላ ደግሞ አይመለስም።»

ሻምቢ ዳቦ እየቆረሰላት፣ «እህቴ፣ ላሚቱን በደንብ አይተሻታል?» አላት። «ጅራቷ እዚህ ነው፣ ቀንዷ ቻይና። እኛ በልተን የምንጨርሳት ይመስልሻል?»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ንያማትም ስቋል። ሴትየዋም አብራቸው ፈገግ አለች፤ እንግዳ ነችና። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ ሰምጦ ለሚሞት ብቻ አይደለም።

ንያማት የዳሽት ድርሻውን ለልጁ ለዱርዳና ሰጣት። ዱርዳና ያገባችው ቀለንደር የሚባል መሬት ያልነበረው ጨዋ ልጅ ነው። ሁለቱ ድንጋይ ለቅመው ቤት ሠሩ፣ ድንች ተከሉ፣ ፖምና አፕሪኮት አጸደቁ፣ ነፋሱን እንዲከላከልላቸው በዳር በዳሩ ፖፕላር የሚባለውን ረጅም ዛፍ ደረደሩ። የዳሽት ድንች በመኪና ተጭኖ ታች አገር ድረስ ይሄድ ነበር። ሸከር ቢቢ፣ የንያማት ሚስት፣ ልጇን ልትጠይቅ ወርዳ ስትመለስ የምታወራው ስለዚያ ጥላ ነበር። «ድንጋይ ላይ ጥላ ዘርተዋል» ትላለች።

እንግዲህ ያ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው የቦዩ አፍ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው።

ከግግሩ በተመለሱ ማግስት መንደሩ አውድማው ላይ ተሰበሰበ። ሻምቢን በክንዱ ደግፈው አመጡት። አርጅቷል፤ ዓይኑ የሚያየው ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው፣ ድምፁ ግን ያው ነው። የሆነውን ሁሉ ካዳመጠ በኋላ ተናገረ።

«ዳሽትን ያመጣሁባችሁ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የሚያስከፋውን እኔ ልበለው። ውሃ ሲያንስ የቆየ መሬት ይቀድማል። የአባቶቻችን ቃል ነው። ትንሿ ጅረት ለላይኛው ማሳ ከበቃች ተመስገን ነው። የዳሽት ቦይ ይዘጋ።»

ቀለንደር ከኋላ ተነሳ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር። «አባባ ሻምቢ፣ ሙቀቱ እስኪጠነክር እንጠብቅ። ሁልጊዜ ሙቀት ሲመጣ ውሃ ይጨምራል።»

«ይጨምራል» አለ ጉሎም። «ወንዙ ውስጥ ይጨምራል። ከዚያ ገደል በምን ልታወጣው ነው ልጄ፣ በወንፊት?»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ጉሎም ራሱ ወዲያው አፈረና መሬቱን በበትሩ ይጭር ጀመር። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ ንያማት ዞረው ጠበቁ። ቦዩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም የውሃ አባት ነው። ልጁ ደግሞ ዳሽት ነች። ጥያቄው ሳይነገር ይሰማ ነበር።

ንያማት መነሳት ፈልጎ ጉልበቱ እምቢ ስላለው ተቀምጦ ተናገረ። «ነገ ጠዋት እዘጋዋለሁ» አለ። 

በማግስቱ መከፋፈያው ጋ ሄዶ፣ የዳሽትን በር በጠፍጣፋ ድንጋይ ገጥሞ፣ በጓል ደፈነው። በእግሩ ረገጠው። ሥራው ትንሽ ነበር፤ ሲጨርስ ግን ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከም የዋለ ያህል ትከሻው ዝሎ ነበር። ከዚያ ለልጁ ሊነግራት ወደ ዳሽት ወረደ።

ዱርዳና ግቢዋ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር። ከቀሩት የዳሽት ቤቶች የሚበዙት ተዘግተዋል፤ የሰው ድምፅ የሚሰማው ከእሷ ቤት ብቻ ነው። «ያ ዓሊ መደድ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ገባ። መልሳ እጁን ሳመችና ሻይ ጣደች። ጨው የገባበት ሻይ ቀርቦ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ እስኪጠጣ ድረስ ሁለቱም ስለ ሌላ ነገር አወሩ፤ ስለ እናቷ ሳል፣ ስለ ጥጃዋ።

«ቀለንደር ነግሮኛል» አለች በመጨረሻ። «አንተ ልትነግረኝ ይህን ሁሉ መንገድ ባትመጣ ይሻል ነበር። ጉልበትህ።»

«ከሌላ ሰው እንድትሰሚው አልፈለግሁም።»

«ከማንስ ብሰማው ያው ነው እኮ አባዬ። ያው ወሬ ነው።» ጽዋውን እንደገና ሞላችለት። «አልተቀየምኩህም። እንድቀየምህ ትፈልጋለህ እንዴ?»

 ለንያማት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብትቀየመው ይቀለው ነበር። የተቆጣን ሰው ማባበል ያውቃል። በሩ ላይ ያሉት አፕሪኮቶች አብበው ነበር፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን አያውቁም።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልያዘው አለ። ሸከር ቢቢም አብራው ነቅታ ታድራለች። በኋላ አንድ ጠዋት ዳቦ እየጋገረች ሳለ ጀርባዋን ሰጥታው ተናገረች።

«ተራችን መቼ ነው?»

«ከነገ ወዲያ።»

«ውሃው የእኛ ተራ ላይ የእኛ ነው አይደል? ለፈለግነው የምንሰጠው?»

ንያማት ገባው። «ስንዴው ገና መብቀሉ ነው» አለ። «ይህ ተራ ካለፈው ይጎዳል።»

«ስንዴው ልጄ አይደለም» አለች።

በተራቸው ቀን ንያማት ማልዶ ተነሳ። መከፋፈያው ጋ ሲደርስ ጉሎም እዚያ ቆሞ አገኘው። ከንያማት ቀጥሎ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ተራው የጉሎም ስለሆነ በሩን ሊጠብቅ መምጣቱ ነው። ንያማት የዳሽትን በር ድንጋይ ሲፈነቅል ጉሎም ዓይኑን ማመን አቃተው።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ተራዬን ለልጄ እያሳለፍኩ።»

«አንተ ሰው፣ ያ ቦይ ካለፈው መከር ጀምሮ ጠብታ አላየም። አሸዋ ነው፣ አይጥ ቀዳዶታል። ውሃህን ለፀሐይ ልታጠጣት ነው?»

«ሊደርስ ይችላል።»

 ጉሎም ድንጋዩን ለማንሳት ጎንበስ ብሎ አገዘው።

ውሃው ወደ ዳሽት ቦይ ገባ። ንያማት አካፋውን ይዞ ከጎን ከጎኑ ተከተለው። የደረቀ ቦይ ውስጥ የሚሄድ ውሃ አካሄዱ ልዩ ነው፤ ጭራሮና ደረቅ ቅጠል በአፉ እየገፋ፣ አረፋ እየደፈቀ፣ ጉድጓድ ሲያገኝ እየቆመ፣ ሞልቶ ሲያልፍ እንደገና እየቸኮለ ነው የሚጓዘው። በመንደሩ ሥር ባለው በድንጋይ በተሠራው ክፍል ውስጥ መልካም ሄደ። ንያማት እንደ ልጅነቱ ከውሃው ጋር እኩል ለመራመድ ሲል ጉልበቱን ረሳው። አኻያዎቹን አለፉ፣ የድሮውን ወፍጮ አለፉ። ሊደርስ ነው ብሎ አሰበ።

ከወፍጮው በኋላ አሸዋው መጣ። እዚያ ውሃው ቀጠነ። የጎኑ ግድግዳ ተሰነጣጥቋል፤ በአንዱ ስንጥቅ ሲገባ ንያማት በጓል ይደፍናል፣ ሲደፍን በሌላው ይገባል። አንድ የአይጥ ጉድጓድ ውሃውን ሁሉ ሳብ አድርጎ ዋጠው፤ ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ ነበር። የአንገት ልብሱን ፈትቶ ጠቅልሎ ወተፈበት። ከዚያ ተንበርክኮ በእጁ አሸዋ እየገፋ መንገድ ጠረገለት። «ና» ይለዋል ሳያስበው፣ «ና እንጂ፣ ትንሽ ናት የቀረችህ።» ፀሐይዋ ከአናቱ ላይ ወጣች። ጥላው እግሩ ሥር ገባ። ተራው ማለቁን ያውቃል፤ ጉሎም አሁን በሩን እየዘጋው ነው። ከኋላ የሚገፋ ውሃ ካልመጣ ይኸኛው የትም አይደርስም።

ውሃው ግን ከተጠበቀው በላይ መምጣቱን ቀጠለ። ንያማት ምክንያቱን ያን ጊዜ አላሰበውም።

የመጨረሻውን ኩርባ ሲዞር የዱርዳና ቤት ጣሪያና የፖፕላሮቹ ራስ ታዩት። ውሃው ኩርባው ላይ ቆመ። አረፋው አንድ በአንድ ፈነዳ። አሸዋው ትንሽ ወደ ፊት ጠቆረ፣ ከዚያ ያም ቆመ። ንያማት በአካፋው ጫፍ ቀጭን መስመር ጭሮ ከፈተለት፤ መስመሩ ውስጥ ምንም አልገባም። ጠበቀ። የጠቆረው አሸዋ ከዳር ዳር መንጣት ጀመረ።

ዱርዳና በቦዩ ዳር አካፋዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ስትመጣ አያት። ሸከር ቢቢ ስልክ ደውላ ነግራት ኖሯል። አጠገቡ ደርሳ የውሃውን ጫፍ ተመለከተች።

«እስከዚህ መጣ?»

«እስከዚህ።»

ቁጭ አለችና እጇን እርጥቡ አሸዋ ላይ አሳረፈችው። አባቷ ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ ጎኗ ተቀመጠ። እጁ በጭቃ፣ ልብሱ እስከ ጭኑ በጭቃ ሆኗል።

«ስንዴያችሁስ?»

«ይታገሣል።»

«እማ ምን አለች?»

«ሂድ ያለችኝ እሷ ነች።»

ዱርዳና ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣች። «ሁለታችሁም ለይቶላችኋል» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «አባዬ፣ ከእንግዲህ እንዳትልክ። እለምንሃለሁ። በየተራህ እዚህ ተንበርክከህ አሸዋ ስትጠርግ ማየት አልችልም። እኔም ደክሞኛል፣ አንተም ደክሞሃል።»

«ዛፎቹስ?»

«ቀለንደር ለፖፕላሮቹ ገዢ አግኝቷል። እርጥብ ሳሉ ከተቆረጡ ይገዛቸዋል፤ ቆመው ከደረቁ ይሰነጠቃሉ፣ ለማገዶ እንጂ ለቤት አይሆኑም።»

«አንድ ዓመት ብትታገሡ…»

«ምን እየጠበቅን?»

  ነፋሱ መጣና ሁለቱም ፊታቸውን ከአቧራው መለሱ። ከዚያ ወደ ቤቷ ይዛው ሄዳ እግሩን በባልዲ ውሃ አጠበችለት፤ ውሃው ከመንገዱ ዳር በጀርባዋ የተሸከመችው ነበር። ይበቃል፣ አታባክኚው ቢላት አልሰማችውም።

ማታ ላይ ወደ መንደር ሲመለስ ሸከር ቢቢ ጉሎም በሩን የዘጋው ዘግይቶ መሆኑን ነገረችው። ከተራው ላይ ቀንሶ ለቆለት ነበር። ንያማት ማልዶ ሊያመሰግነው ቢሄድ ጉሎም፣ «እንቅልፍ ወስዶኝ ነው፤ ሰዓቱን ማን አየው» ብሎ ዘጋው።

ፖፕላሮቹ የተቆረጡት ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ንያማት መጥረቢያውን ይዞ ወረደ። ሻምቢም ውሰዱኝ ብሎ አስቸገረና የሰው ጂፕ ላይ ጭነው አመጡት። አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት፤ ዓይኑ ስለማያይ ዛፎቹ ሲወድቁ በጆሮው ይከታተላል። አንዱ በወደቀ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። ንያማት ደክሞት አጠገቡ ሲያርፍ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀው።

«ያቺ ውሃ ትለካ የነበረችው ልጅ፣ ስሟ ማን ነበር?»

«ረሳሁት።»

«ጥሩ እራት አብልተናት ነበር?»

«ጥሩ። በግ አርደህ ነበር።»

«እሱስ ደግ» አለ ሻምቢ።  ወደ ቤት ሲመልሱት እንዲያቆሙለት ለመነና ከመኪናው ሳይወርድ ፊቱን ወደ ዳሽት አዙሮ ጥቂት ቆየ። በዚያው ዓመት ብርዱ ሲገባ ሞተ።

ፖሞቹን ማንም አልቆረጣቸውም፤ በቁማቸው ደረቁ። ቀለንደር የቤቱን በርና የጣሪያውን ወራጅ ነቅሎ አማቱ ግቢ ውስጥ ከመረው፤ ከዚያ ጊልጊት ወርዶ የሰው መኪና መንዳት ጀመረ። ከሌሎች ሹፌሮች ጋር ባንድ ክፍል ስለሚያድር ዱርዳናን ሊወስዳት አልቻለም። እሷ ልጆቿን ይዛ እናቷ ቤት ገባች። ሳምንት ያህል እንግዳ ነበረች፣ ከዚያ የቤቱ ሰው ሆነች። ያ ተራው ያለፈው የንያማት ስንዴ እንደተፈራው ግማሹ ፍሬ አልያዘም። ሸከር ቢቢ ዳቦውን ቀጠን አድርጋ መጋገር ጀመረች።

የሚቀጥለው ዓመት ብርድ በለቀቀ ጊዜ ወደ ግግሩ የወጣ ሰው አልነበረም። ሰዎቹ አውድማው ላይ ተቀምጠው ትንሿን ጅረት እንዴት እንደሚካፈሏት መከሩ። ንያማት አካፋውን መሃል ላይ አስቀምጦ ሌላ የውሃ አባት ምረጡ አላቸው። ጉልበቱ በቦዩ ዳር አይሄድም፤ ልቡም። አንዱን ጠሩ፣ የላይኛው ማሳ ባለቤት ነው ተባለ፣ ለራሱ ያደላል። ሌላውን ጠሩ፣ ወንድሙ የታችኛው ባለማሳ ነው ተባለ። ውሃ ሲበዛ ማንም የውሃ አባት ሊሆን ይችላል፤ ሲያንስ ግን ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ክርክሩ ከረረ።

«እኔ አንድ ሰው አውቃለሁ» አለ ጉሎም። «ምንም መሬት የሌለው። የሚያደላለት ማሳ የሌለው።»

«ማን?»

«ዱርዳና።»

 ዱርዳና ከሴቶቹ ጋር ዳር ላይ ተቀምጣ የልጇን ፀጉር እየጎነጎነች ነበር። ስሟ ሲጠራ ቀና አለች።

«ሴት የውሃ አባት?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«የውሃ እናት በላት፤ ምን ቸገረህ» አለው ጉሎም። «ወንዶቹ ካራቺ ናቸው። ትጠብቃቸዋለህ?»

ሽማግሌው ዙሪያውን አየ። የሚጠቅሰው ጎልማሳ አጣ። ዱርዳና የልጇን ጉንጉን ጨረሰች። ከዚያ ተነስታ መጥታ አካፋውን አነሳች፤ ክብደቱን በእጇ መዘነች።

«እሺ» አለች። «ግን ያለቀሰ ሁሉ እየመጣ እንዳይለምነኝ። ተራው ያለቀ፣ አለቀ።»

ያን የበጋ ወራት በየቀኑ ቦዩን ትወጣለች ትወርዳለች። መጀመሪያ ሰሞን ከኋላዋ ያጉረመርሙ ነበር፤ በኋላ ለመዱት። ትንሿ ጅረት አንዳንድ ቀን ክንድ የምታህል፣ አንዳንድ ቀን ጣት የምታህል ሆና ትመጣለች። ከላይኞቹ እርከኖች ሦስቱን ጭራሽ ተዉአቸው። ንያማት በስንዴው ፈንታ ገብስ ዘራ፤ ገብስ ጥማት ይችላል።

አንድ ቀን በተራው ገብሱን እያጠጣ ነበር። ውሃው ቀጭን ስለነበር ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ዳር ላይ ያሉት ሁለት ትልሞች ገና አልጠጡም። እኩለ ቀን ሲሆን ዱርዳና በቦዩ ዳር መጣች። አየችው፣ ትልሞቹንም አየች። እሱም አያት። ከዚያ ጎንበስ ብላ በሩን በድንጋይ ገጥማ በጓል ደፈነችና ውሃውን ወደ ጉሎም ማሳ መለሰችው። በእግሯ ረገጠችው።

 ንያማት በትልሙ ውስጥ የቀረው ውሃ እስኪሰርግ ቆመ። ከዚያ የእጁን ጭቃ በሱሪው ጠርጎ፣ ቀስ እያለ፣ ሻይ ሊጠጣ ወደ ቤቱ ሄደ።